ዠቭሬ ሻምበርታን ከዶሮ ወጥ ጋር ለምን ተጣላ?

ጥያቄ፦ «ሊዮን የምትኖረው እህቴ ከ3 ዓመት በፊት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛልኝ መጣች። ጠርሙሱ ላይ ‹ዠቭሬ ሻምበርታን 2017› ይላል። አንዱን በ60 ዩሮ እንደገዛችው ነግራኛለች። ለገና አንዱን ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው። እውነቱን ለመናገር አላስደሰተንም። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮም ያቃጥላል። የባለቤቴ ወንድም ‹ውሃ የገባበት ነው፣ ተሸውዳችኋል፣ የዝዋዩ በስንት ጣዕሙ› ብሎ ሳቀብን። እህቴ ደግሞ ናፖሊዮን ይጠጣው የነበረ ወይን ነው ትላለች። ሁለተኛው ጠርሙስ ሳሎን ቡፌው ላይ ቆሟል። ለልጄ ሠርግ ላስቀምጠው አስቤያለሁ፤ አሁን 8ኛ ክፍል ናት። ወይን ሲቆይ ይሻሻላል አይደል? ወይስ ለእናቴ ለደሟ እንዲሆናት ጥቂት ጥቂት ልስጣት?»

አልተሸወዳችሁም። ወይኑም ውሃ አልገባበትም። ጥፋቱ የጠርሙሱ ሳይሆን የገበታው ነው። ጥሩ ወይን ሞቆ ቀረበ፣ ከማይስማማው ወጥ ጋር ተጠጣ፣ ያውም ሌላ ዓይነት ወይን ይሆናል ተብሎ ተጠብቆ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ግን ማዳን ይቻላል። ለሠርግ አይሆንም፣ ለእናትዎ ደምም አይሆንም። ለመጪው ፋሲካ ነው፤ ለዶሮው ሳይሆን ለበጉ።

ከቀለሙ ልጀምር፣ የባለቤትዎ ወንድም የሳቀው በእሱ ነውና። ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ጥቁሩን ፍሬ ጨምቀው ልጣጩን ወዲያው ቢያወጡት የሚወርደው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። ለዚህ ነው ቀይ ወይን ሲጠመቅ ልጣጩ ከጭማቂው ጋር ለቀናት አብሮ የሚብላላው። ዠቭሬ ሻምበርታን በተግባር የሚሠራው ፒኖ ኗር ከሚባል አንድ ዝርያ ነው። የፒኖ ኗር ልጣጭ ስስ ነው። ስለዚህ ወይኑ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ከጀርባው ጣትዎን ቢያዩት አይገረሙ። እኔ እንዲያውም የምጠራጠረው ድፍን ብሎ የጠቆረ ፒኖ ኗር ሲቀርብልኝ ነው። ዝዋይ የሚተከሉት ቀይ ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ናቸው። ካበርኔና ሲራ በተለይ ልጣጫቸው ወፍራም፣ ቀለማቸውም ጠቆር ያለ ነው። እነሱን ከፒኖ ጋር በቀለም ማወዳደር ሻይን ከቡና አጠገብ አስቀምጦ «ሻዩ ቀጠነ» እንደማለት ነው።

በነገራችን ላይ የዝዋዩን ወይን የጀመረው ካስቴልም የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፣ መነሻው ቦርዶ። ችግሩ ብዙ ሰው «የፈረንሳይ ቀይ ወይን» ሲል በልቡ የሚያስበው ቦርዶን መሆኑ ነው። ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ አፍ የሚይዝ። የእርስዎ ጠርሙስ የመጣው ከቡርጎኝ ነው። ቦርዶ በምዕራብ፣ ለውቅያኖሱ ቀርቦ፤ ቡርጎኝ በምሥራቅ፣ ከባሕር ርቆ። ዝርያውም፣ አፈሩም፣ ወጉም ሌላ ነው።

ሐሰተኛ ወይን የለም ማለቴ አይደለም። ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ ወይን እየቀላቀለ፣ የታላላቅ የቡርጎኝ ወይኖች መለያ እየለጠፈ ለሀብታሞች ሲሸጥ ኖሯል። የተነቃበት መንገድ ያስቃል። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ላይ ለጨረታ ካቀረባቸው ጠርሙሶች መካከል የፖንሶ ቤተሰብ «ክሎ ሳን ደኒ» የተባለ ወይን ነበረበት፣ የ1945 እና ተከታታይ ዓመታት ምርት ተብሎ። ቤተሰቡ ግን ያንን ወይን መሥራት የጀመረው በ1982 ነው! ሎራን ፖንሶ ራሱ ጨረታው ቦታ ድረስ ሄዶ ጠርሙሶቹ እንዲወጡ አደረገ። ኩርኒያዋን በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2014 ደግሞ 10 ዓመት ተፈረደበት። እንግዲህ አስመሳይ የሚደክመው በሺህ ዩሮ ለሚሸጥ ጠርሙስ ነው። እህትዎ በ60 ዩሮ ለገዛችው ማን ይደክማል?

አሁን ወደ ናፖሊዮን። እህትዎ የነገረችዎ ግማሽ እውነት ነው። ናፖሊዮን ሻምበርታን ይወድ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በውሃ እያቀጠነ ይጠጣው ነበር ነው የሚባለው። ስለዚህ ውሃ የገባበት ሻምበርታን የጠጣው እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ነገር ግን «ሻምበርታን» እና «ዠቭሬ ሻምበርታን» አንድ አይደሉም። ሻምበርታን 13 ሄክታር የማይሞላ አንድ የወይን እርሻ ነው፣ ዋጋውም በብዙ መቶ ዩሮ ይጀምራል። ዠቭሬ ደግሞ እርሻው የሚገኝበት መንደር ስም ነው። መንደሩ በ1847 የታዋቂውን እርሻ ስም ከራሱ ስም ጋር ቀጠለ። ብልጠት ነው። ጎረቤት መንደሮችም አይተው ተከተሉት። እኛም ጋ ኮቸሬና ወናጎ የበቀለ ቡና በይርጋጨፌ ስም ገበያ ሲወጣ አይተናል፤ ስም ሲያምር ዙሪያው ሁሉ ይጠጋዋል።

የቡርጎኝ ወይን አራት ደረጃ አለው። ከታች «ቡርጎኝ» ብቻ የሚል አለ። ቀጥሎ የመንደር ስም የሚጽፍ። ከዚያ «ፕሬሚየ ክሩ»፣ ከላይ «ግራን ክሩ»። ግራን ክሩ ከጠቅላላው ምርት 1 ከመቶ አካባቢ ነው። በአጠቃላይ 33 ግራን ክሩ ሲኖሩ 9ኙ ዠቭሬ መንደር ውስጥ ናቸው፤ ይህን ያህል የያዘ ሌላ መንደር የለም። የእርስዎ ጠርሙስ እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ የመንደር ደረጃ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ማለት ነው እንጂ ሁለተኛ ዕቃ ማለት አይደለም። የናፖሊዮን ካልሆነ የጎረቤቱ ነው ይበሉ።

ታዲያ በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ እርሻ 60፣ ሌላው ብዙ መቶ ዩሮ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ፈረንሳዮች «ቴሯር» ይሉታል። አፈሩን፣ ተዳፋቱን፣ ፀሐዩን፣ ውሃው የሚሄድበትን፣ ነፋሱን፣ የገበሬውንም ልማድ ጭምር በአንድ ቃል መጥራታቸው ነው። ሐሳቡ ለኛ አዲስ አይደለም። ጤፍ ስንገዛ «የአድአ ነው?» እንላለን። ማር ስንገዛ የየት አገር እንደሆነ ሳንጠይቅ ኪሳችን አንገባም። ልዩነቱ እነሱ ጥያቄውን እስከ ማሳው ድረስ ማውረዳቸው ነው። ወረዳ አይደለም፣ ቀበሌም አይደለም። ይሄኛው አጥር እና ያኛው አጥር።

ዠቭሬ ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አካባቢው ኮት ደ ኑዊ ይባላል። ረጅም፣ ግን ቀጭን ተዳፋት ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ጫካው ድረስ በእግር ቢወጡት ላብ ሳይወጣዎ ያልቃል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። የጠዋት ፀሐይ ሌሊት የበረደውን አፈር ቶሎ ያሞቀዋል። ከላይ፣ ከጫካው ሥር፣ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው፣ ብርዱም ይበረታል። ከታች፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከላይ ታጥቦ የወረደ ወፍራም አፈር ተከማችቷል፤ ውሃ ይይዛል። መሐሉ ላይ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተመጣጥነው የተገናኙበት ቀበቶ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ሳይተኛ ያልፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ከሥር ያለው ሸክላ ጥቂት እርጥበት ይቆጥባል። ታላላቆቹ እርሻዎች እዚያ ቀበቶ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። ሰዎች «ድንጋዩ ወይኑ ውስጥ ይቀመሳል» ይላሉ። ሐረጉ ሥሩን ሰዶ የድንጋይ ጣዕም አይጠጣም። አፈሩ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፦ ለሐረጉ ስንት ውሃ፣ መቼ፣ በምን ሙቀት እንደሚደርሰው ይወስናል። ውሃ የጠገበ ሐረግ ፍሬው ይተልቃል፣ ጣዕሙ ይሳሳል። ትንሽ የተቸገረው ፍሬው ያንሳል፣ ጣዕሙ ይጠብቃል። ምስጢሩ ያ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚያ አካባቢ ሁለት መኸር ወይን ለቅሜያለሁ። ሐረጎቹ አጭር ናቸው፤ ዘለላው የሚንጠለጠለው ጉልበት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እንዳሉ ነው የሚዋለው። ማታ ጫማዬን ለመፍታት መቀመጥ አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ እንደፈታሁ አስታውሳለሁ። በመጨረሻው ቀን ባለ እርሻው ምድር ቤት አስገባን። ከሦስት በርሜል በመስታወት ቱቦ እየቀዳ ሦስት ብርጭቆ ሰጠን። ዝርያው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ጠማቂው አንድ። የመጀመሪያው ከአስፋልቱ ማዶ ከነበረው ማሳ፣ ሁለተኛው ከመሐሉ፣ ሦስተኛው ከጫካው ሥር። የመጀመሪያው እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ያስደስታል፣ ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው መጀመሪያ ዝም ያለ መሰለኝ። ከዋጥኩት በኋላ ግን ዝናብ የነካው አፈር፣ ጥቁር ቼሪ፣ ትንሽ ቅመም እየተከታተለ መጣ። ሦስተኛው ቆጠብ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥርስ ያለው ነበር። በሦስቱ ማሳዎች መካከል ያለው ርቀት በእግር 15 ደቂቃ አይሞላም። ያን ቀን ነው ቴሯር የነጋዴ ወሬ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ።

ዠቭሬ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከመንደሩ በስተጀርባ ኮምብ ደ ላቮ የሚባል ሸለቆ ተራራውን ሰንጥቆ ይወርዳል። ባለፉት ዘመናት በዚያ ሸለቆ የወረደ ጎርፍ ጠጠር ተሸክሞ ከመንደሩ በታች ዘርግቶታል። ለዚህ ነው ዠቭሬ ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር በስሙ የሚሸጥ ወይን ያለው። በአብዛኞቹ ሌሎች መንደሮች አስፋልቱ እንደ ድንበር ነው። በዚህ የተነሳ የመንደር ደረጃ ዠቭሬ ጥራቱ ከጠርሙስ ጠርሙስ በጣም ይለያያል፤ ጠጠሩ ላይ የበቀለም፣ ረግረግ ያለ ቦታ የበቀለም በአንድ ስም ይወጣል።

ጣጣው በመሬቱም አያበቃም። እነዚህን ማሳዎች መጀመሪያ ለይተው ያለሙት በአብዛኛው ገዳማት ናቸው። የቤዝ ገዳም መነኮሳት ዠቭሬ ላይ መሬት ያገኙት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ «ክሎ ደ ቤዝ» የሚባለው ግራን ክሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1789ኙ አብዮት በኋላ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ ተሸጠ። ከዚያ የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል ይካፈል አለ። አባት ሲሞት ማሳው ይሸነሸናል። ልጅ ሲሞት እንደገና ይሸነሸናል። አባቱ አንድ ጥማድ አውርሶት ከወንድሞቹ ጋር የተካፈለ የአገራችን ገበሬ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። 50 ሄክታር የሆነው ክሎ ደ ቩዦ የሚባል የቡርጎኝ እርሻ ዛሬ ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች አሉት። አንዳንዱ ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቡርጎኝ ሲገዙ ከቦታው ስም እኩል የሠሪውን ስም ማየት ግዴታ ነው። ጎበዝ ሠሪ የሠራው የመንደር ደረጃ ሰነፍ ከሠራው ፕሬሚየ ክሩ ይበልጣል። ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት።

መለያውን ገልብጠው ይዩት። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚል ካለ ገበሬው ራሱ ነው ያሸገው። ከሌለ ፍሬውን ወይም ወይኑን ከሌሎች ገዝቶ የሚያሽግ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ነጋዴዎች አሉ። የየትኛው እንደሆነ ማወቁ ግን ሌላ ጊዜ ለእህትዎ «ይሄንን አምጪልኝ» ለማለት ይረዳል።

ስለ 2017 ባጭሩ። በ2016 ሚያዝያ ውርጭ ቡርጎኝን ክፉኛ መትቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት ውርጩ ተመልሶ ሲመጣ ገበሬዎቹ በሌሊት እርጥብ ጭድ እያጨሱ ማሳውን በጭስ ጋረዱት፤ የንጋት ፀሐይ የበረደውን እንቡጥ በአንዴ እንዳይለበልበው። ተረፈ። ምርቱም ብዙ ሆነ። የ2017 ቀይ ወይኖች ለስለስ ያሉ፣ ቶሎ የሚጠጡ ናቸው። ለረጅም ዘመን የተሠራ ዓመት አይደለም። ይህን ይያዙልኝ፣ ለሠርጉ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

አሁን ገና ዕለት ምን እንደሆነ ልገምት። ጠርሙሱ ሳሎን ነበር። እንግዳ አለ፣ ከሰል ተያይዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ክፍሉ ሞቋል። ወይኑ 24 ወይም 25 ዲግሪ ደርሶ ነበር ብል ብዙ አልሳሳትም። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው አባባል የመጣው ማሞቂያ ካልነበረው የአውሮፓ ድንጋይ ቤት ነው። የዚያ ክፍል ሙቀት የኛ ሳሎን አይደለም። ፒኖ ኗር ከ18 ዲግሪ ሲያልፍ አልኮሉ ፊት ፊት ይላል፣ ሽታው ይደበዝዛል። ትክክለኛው 15 ወይም 16 ዲግሪ ነው።

ከዚያ ዶሮ ወጡ። በርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አፋችን ውስጥ የሙቀት ስሜት የሚሰጡትን ነርቮች ይቀሰቅሳል። አልኮል ደግሞ እነዚያኑ ነርቮች የበለጠ ንቁ ያደርጋቸዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ወይኑ ያቃጠለ ይመስላል። ሽንኩርቱም አለ። ባለሙያ የሠራችው ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ሰዓታት ቁልል ብሎ ይጣፍጣል። ጣፋጭነት ያለው ምግብ ስኳር የሌለውን ወይን ይበልጥ ኮምጣጣ ያስመስለዋል። ብርቱካን ከኬክ በኋላ ሲበሉ እንደሚኮመጥጠው ማለት ነው። እርስዎ የጻፉልኝ «ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል» ከእነዚህ ሁለት ምክንያቶች በቀጥታ ይመጣል።

የሚገርመው ቡርጎኞችም የዶሮ ወጥ ሰዎች መሆናቸው ነው። አውራ ዶሮ በቀይ ወይን ቀስ ብሎ ይሠራሉ፣ «ኮክ ኦ ቫን» ይሉታል። እንቁላልም በቀይ ወይን መረቅ ይሠራሉ፣ «ኧፍ አን ሙሬት» ነው ስሙ። የበሬ ሥጋ በወይን፣ በሽንኩርትና በእንጉዳይ ከሦስት ሰዓት በላይ ያበስላሉ። ዶሮው አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ትዕግሥቱ አለ። የጎደለው በርበሬ ነው። ወይናቸው የተስማማው ለዚያ ገበታ ነው። አይብን በተመለከተ፣ እዚያው አካባቢ የሚሠራ ኤፕዋስ የሚባል ሽታው ሰፈር የሚያንቀሳቅስ አይብ አለ። ከዠቭሬ ጋር ነው የሚበላው ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። አይቡ ወይኑን ይደፍቀዋል።

ከኛ ምግብ ጋር የሚሄደውን ከፈለጉ መጀመሪያ የማስቀምጠው የበግ ጥብስን ነው። በንጥር ቅቤ፣ በሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል። አዋዜ የለም፣ ቃሪያ የለም። የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ከፒኖ ኗር ጋር እንደ ወንድማማች ነው። የበግ አልጫም ይሄዳል፣ እርዱ ካልበዛበት። በጾም ካልሆነ በስተቀር የእንጉዳይ ጥብስ በቅቤ በጣም ይስማማል፤ ወይኑ ራሱ እያደር እንጉዳይ እንጉዳይ ማለት ይጀምራልና። በደንብ የበሰለ ክትፎ ሚጥሚጣው ተቀንሶ ጥሩ ነው። እንጀራው አያስጨንቅዎ፣ ኮምጠጥ ያለ ምግብ ወይኑን ያለሰልሰዋል። ዱለት፣ ቃሪያ ያለበት ነገር፣ ቀይ ወጥ ሁሉ፣ አይሆንም።

ቁርጥስ? ጣዕሙ ከወይኑ ጋር ይሄዳል፣ አልዋሽም። ግን «አልኮሉ ይገድለዋል» ብሎ ጥሬ ሥጋ መብላት ስሕተት ነው። ወይንም ሆነ አረቄ የኮሶ ትልን እጭ ሥጋው ውስጥ አይገድልም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

ለዶሮ ወጡ ምን ይቅረብ ካሉኝ ጠጅ። ማሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ወይን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል እንግዳ ካለ ደግሞ የኛው አክሱሚት፣ በደንብ ቀዝቅዞ። የወይን ሰዎች ሲስቁብኝ ይሰማኛል። ይሳቁ፤ ለስላሳ ጣፋጭነቱ በርበሬውን ይችለዋል፣ የ60 ዩሮው ፒኖ አይችለውም።

ሠርጉ። «ወይን ሲቆይ ይሻሻላል» የሚለው ለጥቂት ወይኖች ብቻ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከሚሸጠው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የተሠራው። ዠቭሬ ይቆያል፣ ጥሩ ዓመት የሆነ ግራን ክሩ ከ20 ዓመት በላይ ይሄዳል። የእርስዎ ግን የመንደር ደረጃ ነው፣ ዓመቱም ቶሎ የሚጠጣ ዓመት ነው። አቀማመጡ ደግሞ አለ። ለማቆየት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የማይዋዥቅ ሙቀት፣ ጨለማና ጠርሙሱ በጎኑ እንዲተኛ ያስፈልጋል። ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ሊደርቅና አየር ሊያስገባ ይችላል። የእርስዎው ሦስት ዓመት ቡፌ ላይ ቆሟል፣ ከጎኑ ቴሌቪዥን፣ ከፊቱ መስኮት ይመስለኛል። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ሆቴል ውድ ወይኖቹን ከምድጃው ጀርባ ባለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ተናግሬ ሰሚ አጣሁ። በአንድ ክረምት ግማሹ አቼቶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ለእንግዳ የማብራራው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቡፌው ላይ ሌላ 10 ዓመት ከቆየ ልጅዎ ሠርግ ላይ የሚከፈተው ቡናማ፣ ሕይወት የሌለው ፈሳሽ ነው። ለሠርግ የሚሆን ወይን በእርግጥ ከፈለጉ ሌላ ጠርሙስ እህትዎ ትግዛልዎት፣ ፕሬሚየ ክሩ ከጥሩ ሠሪ፣ ከ2019 ዓመት ቢሆን መልካም፤ እዚያው ሊዮን ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይቀመጥ። ለሠርጉ ስትመጣ ይዛው ትምጣ።

ስለ እናትዎ ደም ኮስተር ብዬ ልናገር። ቀይ ወይን ደም አይተካም። ቀለም መመሳሰሉ ነው ሰውን ያሳተው። ያለው ብረት ትንሽ ነው፣ በውስጡ ያለው ታኒን የሚባል አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ደግሞ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይቀበል ያግዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጀመሪያ ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የሚባል ነገር የለም ብሏል። እናትዎ ደም አንሷቸው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ወስደው ምክንያቱን ያስመርምሩ። የግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጠብታም ቢሆን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይስጧቸው። ለደስታ አብረው ቢያነሱ ሌላ ነገር ነው። ለመድኃኒት ብሎ መስጠት ግን ይቅር።

እንግዲህ የማዝዘው ይህን ነው። ዛሬውኑ ጠርሙሱን ከቡፌው ያውርዱት። ቤትዎ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ የት ነው? ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያገኘው መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ወለሉ ላይ ነው። እዚያ በጎኑ ያስተኙት። አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ወይም ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ ሙቀት አግኝቶታል ማለት ነው፣ ፋሲካን ሳይጠብቁ ይክፈቱት። ደህና ከሆነ ለፋሲካ ከአንድ ቀን በፊት ያቁሙት፣ አተላው ይረጋ። ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። በጓዳ ካለው ትልቁን፣ ሆዱ ሰፊ የሆነውን ብርጭቆ አውጥተው ከሢሶው በላይ አይሙሉት። ኮካም ስፕራይትም አጠገቡ አይድረስ። ሲከፈት እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ የበከለው ነው፤ አይጎዳም፣ ግን አይጣፍጥም፣ የማንም ጥፋት አይደለም።

ከዶሮው ጋር ጠጁን ያቅርቡ። ማዕዱ ተነስቶ፣ ሰው ትንሽ ተንፍሶ፣ በጉ ጥብስ ሆኖ ሲመጣ ዠቭሬውን ይክፈቱ። ለአራት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሁሉም ሳይቀምሰው ያልቃል። መኪና የሚነዳ ካለ የሱን ድርሻ ለባለቤትዎ ወንድም ይስጡት። ከጠርሙሱ ሥር የቀረውን አንድ ጣት ያህል አተላ አይቅዱት። የተረፈ ካለ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ያስገቡት፣ እስከ ማግስቱ ማታ ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ከደረሰ ወደ ብርጭቆ ሳይሆን በአነስተኛ እሳት ላይ ካለው የበሬ ሥጋ ድስት ውስጥ ይጨምሩት፣ በርበሬ ሳይነኩ።